አምስተኛው ድንጋይ

አምስተኛውን ድንጋይ የተሸከመችው በቅሎ ዳገቱ መሀል ለሦስተኛ ጊዜ ቆመች። ድንጋይ ጠራቢው ሊጎትታት ሞከረ፤ እሷ አራት እግሯን ተከለች። ትንሽ ተያዩና ልጓሙን ለቀቀላት፤ ራሱም መንገዱ ዳር ቁጭ አለ።

«እውነቷን ነው» አለ ላቡን በእጅጌው እየጠረገ። «ማንም ለአንድ ቁጥር ብሎ ይህን ዳገት አይወጣም።»

ቁጥሩ የራሱ የእጅ ሥራ ነበር። ሁለት ሳምንት ሙሉ ዋናው ከተማ ባለው ግምጃ ቤት ጓሮ ጎንበስ ብሎ፣ በጥቁር ድንጋይ ላይ 2,846 ብሎ ቀርጾታል፤ ከሥሩም «ሜትር ከባሕር ወለል በላይ» የሚል ጽሑፍ አለ። ድንጋዩ በጆንያ ተጠቅልሎ በበቅሎዋ አንድ ጎን ታስሯል። በሌላው ጎን ሚዛኑን የሚጠብቁለት መዶሻው፣ መሮዎቹ፣ አካፋውና የምግብ አብሳይዋ ድስት ናቸው።

ጓዙ ብዙ አይደለም፤ አምስት ሰውና ሦስት በቅሎ ነው። ከፊት ሻለቃው በግራጫዋ በቅሎ ይሄዳሉ፤ ሰባ ዓመት ሊሞላቸው ሁለት ዓመት ቀርቷቸዋል፣ ሁለቱም ዓይናቸው ሞራ ስለጋረደው መንገዱን የሚያውቁት በበቅሎዋ አረማመድ ነው። ከእሳቸው ቀጥሎ ጸሐፊው፣ ጉንፋኑንና ፎጣውን ይዞ፣ የቀለም ብልቃጡ እንዳይፈስ ደረቱ ኪስ ውስጥ እየዳበሰ ይጓዛል። ከዚያ ምግብ አብሳይዋ እትዬ፣ ከዚያ ጠራቢው።

ከሁሉም ኋላ፣ ሃያ እርምጃ ያህል ርቆ፣ ብልቃጥ ይመጣል። እናቱ ያወጣችለት ስም ሌላ ነው፤ ሲጠሩት የሚዞረው ግን በዚህኛው ነው። በጀርባው ረጅም የቆዳ ማኅደር አዝሏል። በማኅደሩ ውስጥ ሁለት ክንድ የማይሞላ የመስታወት ቱቦ አለ፤ በቱቦው ውስጥ ሜርኩሪ አለ። ዕቃው ባሮሜትር ይባላል። ወደ ላይ በወጡ ቁጥር አየሩ ይሳሳል፣ ሜርኩሪውም በቱቦው ውስጥ ዝቅ ይላል፤ ስንት ዝቅ እንዳለ አይቶ የቦታውን ከፍታ ማስላት የጸሐፊ ሥራ ነው። የብልቃጥ ሥራ ቱቦውን ሳይሰብር፣ አየርም ሳያስገባ፣ እላይ ማድረስ ነው።

ለዚህ ደግሞ አንድ ሕግ አለ። ባሮሜትር መንገድ ላይ የሚሄደው ተገልብጦ፣ ራሱ ወደ ታች እግሩ ወደ ላይ ሆኖ ነው። ያን ጊዜ ሜርኩሪው ቱቦውን ጢም አድርጎ ይሞላውና መናወጫ ቦታ ያጣል። አቁመው ከተሸከሙት ግን እየተንቦጫረቀ ወይ መስታወቱን ይሰብራል፣ ወይ አረፋ ያስገባል። ይህን የማያውቅ መንገደኛ ሁሉ ብልቃጥን እያስቆመ «ወንድሜ፣ ዕቃህ ተዘቅዝቋል» ይለዋል። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ቆሞ ያስረዳ ነበር። ኋላ «እግዜር ይስጥልኝ» ብሎ ማለፉን መረጠ።

በበቅሎም ጭኖት አያውቅም። ይኼ በካርታ ሥራ ክፍሉ የታወቀ ነው፤ «ሚስቱን በበቅሎ፣ ባሮሜትሩን በጀርባው» እያሉ ያሾፉበታል። ቢያሾፉበትም ያምኑታል። አንድ ቁጥር አጠራጥሮ ክርክር ሲነሣ «የተሸከመው ማነው?» ይባላል፤ «ብልቃጥ» ከተባለ ክርክሩ ያበቃል። ሃያ ስድስት ዓመት በዚህ ስም ኖሯል።

እውነቱን ለመናገር ግን አንድ ጊዜ ጭኖት ያውቃል። ያን የሚያውቅ ከራሱ በቀር በሕይወት ያለ ሰው የለም፤ የጫነውም በዚሁ ዳገት ላይ ነበር።

የተነሡት ከትናንት በስቲያ ማለዳ፣ ከቆላው ሜዳ ነው። እዚያ ምድሩ ለጥ ያለ፣ ሙቀቱም ገና በጠዋቱ ሰውን ከጥላ ወደ ጥላ የሚያሯሩጥ ነበር፤ ድንጋይ ጠራቢው ሸሚዙን አውልቆ ራሱ ላይ ጠምጥሞት ዋለ። ትናንት ደግሞ እርከን እርከን እየተሠራ የታረሰ ተረተር ሲያቋርጡ ዋሉ፤ ነፋሱ ለስላሳ፣ ምንጩ ንጹሕ፣ ሰዉም ቆሞ ለመጨዋወት ጊዜ ያለው አገር። ዛሬ ጠዋት ሲነቁ የበቅሎዎቹ ጀርባ አመዳይ ለብሷል። ጠራቢው ሸሚዙን ለበሰ፣ ካፖርቱን ደረበበት፣ በካፖርቱ ላይ ትርፍ ጆንያ ጣል አደረገ። በሦስት ቀን ሦስት አገር ያየ መስሎት ይገረም ነበር።

«አንድ አገር ነው» አሉት ሻለቃው ከበቅሏቸው ላይ ሆነው። «ወደ ላይ ስለሄደ ነው የበዛብህ።»

ይህንን ነገር ወረቀት ላይ ማስፈር የሻለቃው የዕድሜ ልክ ሥራ ሆኗል። የካርታ ሥራ ክፍል ሲቋቋም የመንግሥቱ ካርታ ወንዝና ከተማ ብቻ የተሳለበት ጠፍጣፋ ነገር ነበር፤ በእሱ ቢሄዱ ከባሕሩ ዳር እስከ ደጋው ጫፍ ተራራ የሚባል የማያጋጥም ይመስላል። ሻለቃው በየሸለቆውና በየአምባው እየዞሩ ከፍታ ጻፉበት። ሦስት ሺህ ሁለት መቶ ያህል ቁጥር ሞሉበት፤ ዓይናቸውም በዚያው አለቀ።

ዘንድሮ ካርታው ታተመ። ሚኒስትሩ ደስ ብሏቸው፣ በአምስት ቦታ አምስት ድንጋይ ይተከል፣ ከፍታውም ይቀረጽበት አሉ። የመጀመሪያው የተተከለው ከባሕር ወለል በታች በሚገኝ የጨው ሜዳ ላይ ነው። ጠራቢው ከቁጥሩ ፊት ጭረት ቅረጽ ሲባል ለምን ብሎ ጠየቀ፤ ቦታው ከባሕሩ የሚዘቅጥ መሆኑ ሲነገረው «ታዲያ ቁልቁል ልትከለው?» አለ። ሁለተኛው በቆላው ሜዳ፣ ሦስተኛው በተረተሩ፣ አራተኛው በሰሜኑ ደጋ 2,790 ሜትር ላይ ቆሙ። አምስተኛው ዛሬ ከሰዓት በኋላ ሰፊው በር ላይ ሊቆም ነው። ሰፊው በር በሁለት ተራሮች መሀል ያለ መተላለፊያ ነው።

ትእዛዙ ትከሉ ይላል እንጂ ለኩ አይልም። ባሮሜትሩ አብሮ የመጣው ሻለቃው ያለ እሱ ከከተማ ወጥተው ስለማያውቁ ብቻ ነው፤ ዓመቱን ሙሉ ማኅደሩ አልተከፈተም። ድንጋዩ ሲቆም ጸሐፊው ቃለ ጉባኤ ይጽፋል፣ ሻለቃው ይፈርማሉ፣ በቀይ ሰም ይታተማል። የመንገድ ኮሚሽኑ የሚጠብቀው ያን ወረቀት ነው። ከቆላ ወደ ደጋ የሚወጣው አዲሱ የጋሪ መንገድ ከሁለት በሮች በአንዱ ሊያልፍ ነው፤ ወይ በሰፊው በር፣ ወይ የሁለት ቀን መንገድ ወደ ምሥራቅ ባለው የገደሉ በር። የገደሉ በር 2,710 ነው። ዝቅ ያለው ይመረጣል፤ ጋሪ ለሚጎትት በሬ መቶ ሜትር ቀልድ አይደለም።

ብልቃጥ ይህን ሁሉ ያውቃል። ከሦስት ቀን ጀምሮ ምግብ አልበላ ያለው በዚህ ምክንያት ነው።

ነገሩ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሆኖታል። ይህንኑ ዳገት ሲወጡ የግራ ተረከዙ ቆስሎ ነበር፤ የአንድ ሰዓት መንገድ ሲቀር መራመድ አቃተው። የዚያን ጊዜው በቅሎ ነጂ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ደግ ሰው ነበር። «አምጣው፣ ለአንተም ለእሱም በቅሎ አለ» አለው። ሰጠው። እላይ ደርሰው ሲያወርዱት ማኅደሩ ቀጥ ብሎ፣ እንደ ጠርሙስ አፉን ወደ ላይ አድርጎ ታስሯል።

«ተዘቅዝቆ አገኘሁትና አስተካከልኩልህ» አለው በቅሎ ነጂው ፊቱ በርቶ።

ደህና ቱቦ ቀስ ብለው ሲያዘነብሉት ሜርኩሪው የመስታወቱን ጫፍ ይመታና ጠቅ ይላል፤ ትንሽ መዶሻ ብረት የነካች የምትመስል፣ ጥርት ያለች ድምፅ ናት። ብልቃጥ አዘነበለው። ጠቅ አላለም። እርጥብ ጨርቅ እንደወደቀ ዱብ አለ። አረፋ ገብቷል ማለት ነው። አረፋ ሜርኩሪውን ቁልቁል ይጫነዋል፤ ሜርኩሪው ሲወርድ ደግሞ ቦታው ከእውነቱ በላይ ከፍ ያለ ይመስላል።

መናገር ነበረበት። ሻለቃው ግን ቀኑ እየመሸባቸው፣ «ብልቃጥ፣ ደህና አመጣኸው?» አሉት።

«ደህና ነው ጌታዬ» አለ።

ሦስት ቃል ናት። በማግስቱ ብቻውን ሆኖ ቱቦውን ገለበጠና በጣቱ እያንኳኳ አረፋውን አወጣው፤ ከዚያ ወዲህ የተለካው ሁሉ ልክ ነው። ከሦስት ሺህ ሁለት መቶ ቁጥር አንዲቷ ብትሳሳት ምን ታመጣለች እያለ ራሱን ያጽናና ነበር።

ያመጣችው ነገር ከፊቱ ይሄዳል፤ ጥቁር ነጠላዋን አጣፍታ፣ ዳገቱን እንደ ሜዳ እየወጣች። እትዬ የታላቅ ወንድሙ ሚስት ነበረች። ቤቷ ከሰፊው በር ማዶ፣ ግማሽ ሰዓት ቁልቁል ባለው መንደር ነው። ከአሥራ አራት ዓመት በፊት ከዚያ መንደር እስከ ቆላው ከተማ ጠባብ የጋሪ መንገድ እንዲወጣ ሽማግሌዎች አመልክተው ነበር። ገና በእጅ የተሳለው ካርታ ታየ፤ በሩ ለጋሪ እጅግ ከፍ ያለ ነው ተባለና ማመልከቻው ተመለሰ። ከአምስት ዓመት በኋላ ወንድሙ ሆዱን ታመመ። ሐኪም ያለው ቆላ ነው። ቃሬዛ እንደ በቅሎ አይቸኩልም፣ አራት ቀን ይፈጃል፤ ወንድሙ በሦስተኛው ቀን ሞተ። የቃሬዛውን የፊት ግራ እጀታ የያዘው ብልቃጥ ነበር። በጋሪ ቢሆን አንድ ቀን ተኩል ይበቃል። ይህን ሂሳብ ያለ ጸሐፊ አስልቶታል፤ በየዓመቱም ያሰላዋል።

በሩ ላይ የደረሱት ረፋዱ ላይ ነው። ቦታው ሰፊና ረጋ ያለ ነው፤ በግራና በቀኝ ተራሮቹ ይወጣሉ፣ መሀሉ አጭር ሣር ነው። ከኋላ የመጡበት ቆላ በጭጋግ ተሸፍኖ ይታያል፣ ከፊት ደግሞ የእትዬ መንደር ጣሪያዎች። እትዬ ወደ መንደሩ አንድ ጊዜ አየችና ሦስት ድንጋይ ጎልታ እሳት አነደደች፤ ባቄላውን ጣደች። ጠራቢው ጉድጓዱን መቆፈር ጀመረ። ጸሐፊው በሣጥን ላይ ወረቀቱን ዘርግቶ፣ ቀለሙ በብርድ መወፈሩን ሲያይ የቀለም ብልቃጡን ወደ እሳቱ አስጠጋ። ፀሐዩ አናት ላይ ሲደርስ ራበው።

«እትዬ፣ ባቄላው መቼ ይደርሳል?»

«አሁን ሊደርስ ነው።»

«አሁን? ቀልድሽን ነው? ሰሜን ደጋ ላይ እኮ ግማሽ ቀን አስጠበቅሽን!»

«እዚያ ሦስት ጊዜ ከሰል ጨምሬለታለሁ፤ እዚህ ሁለቴ በቃው» አለች ክዳኑን ገለጥ አድርጋ። «እንግዲህ ይኼ ቦታ ከዚያኛው ዝቅ ይላላ።»

ጸሐፊው ሳቀ። «ዝቅ አይልም እትዬ፣ በሃምሳ ስድስት ሜትር ይበልጣል። ካርታው ላይ አለ።»

«ካርታው ባቄላ ቀቅሎ ያውቃል?»

ጠራቢው ጉድጓዱ ውስጥ ሆኖ በሳቅ ፈነዳ። በበቅሎ ኮርቻ ላይ ተደግፈው የተቀመጡት ሻለቃው ግን አልሳቁም። ፊታቸውን ወደ ድምፅዋ አዞሩ።

«ባቄላው አንድ ዓይነት ነው?»

«ከአንድ ከረጢት ነው ጌታዬ። ድስቱም አንድ ነው፣ ያበሰለውም እጅ አንድ ነው።»

«ውሃ ከፍ ባለ ቦታ ቶሎ ይፈላል፣ ግን በደንብ አይግልም። ለዚህ ነው ደጋ ላይ ባቄላ የሚያስቸግረው» አሉ ሻለቃው ቀስ ብለው፣ ለማንም ያልተናገሩ ይመስል። ከዚያ እጃቸውን አወዛወዙ። «ከሰሉ ይሆናል። የዚህ አገር ከሰል ጥሩ ነው።»

ብልቃጥ ማኅደሩን ሳያወርድ ቆሟል። ሻለቃው «ከሰሉ ይሆናል» ሲሉ መጀመሪያ እፎይ አለ፤ ወዲያው ደግሞ እፎይ በማለቱ ራሱን ጠላው። አራት ዓመት ቢታገሥ ጡረታ ይወጣል። ድንጋዩ ከተተከለ ማንም አይነቅለውም። አሁን ዝም ማለት ቀላል ነው፤ ልምዱም አለው።

ጠራቢው ጉድጓዱን ጨረሰ። ድንጋዩን ከጆንያው አውጥቶ ዳሩ ላይ አጋደመው። ጸሐፊው ተነሥቶ ጉሮሮውን ጠረገና ማንበብ ጀመረ።

«ዛሬ፣ እኛ ስማችን ከዚህ በታች የሰፈረው፣ ከፍታው ሁለት ሺህ ስምንት መቶ አርባ ስድስት ሜትር መሆኑ በተረጋገጠው...»

«አልተረጋገጠም» አለ ብልቃጥ።

ጸሐፊው ቀና አለ። «ምን አልክ?»

«ቁጥሩ ልክ አይደለም፣ ጌታዬ።» የተናገረው ለሻለቃው ነበር። ድምፁ ከጠበቀው በላይ ረጋ ብሎ ወጣ። «የዚያን ጊዜ ቱቦው አረፋ ነበረበት። ተረከዜ ቆስሎ በበቅሎ አስጫንኩት፣ ቀጥ ብሎ ታስሮ መጣ። ሳዘነብለው ዱብ አለ። ሰማሁት። ደህና ነው ያልኩዎት ዋሽቼ ነው።»

ሻለቃው በትራቸውን ፈልገው አገኙና ሁለት እጃቸውን ጫኑበት።

«ያኔ በማዕዘን መለኪያው መነጽር ከሩቅ ለክቼ ያሰላሁት ሌላ ነበር» አሉ። «2,640። ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን አስቀምጬ እስኪነጋ አየኋቸው። መነጽሩን ጉም ሊያሳስተው ይችላል፣ ብልቃጥ ግን አይዋሸኝም ብዬ የራሴን ቁጥር ሰረዝኩ።»

ብልቃጥ ቢቆጡት ይሻለው ነበር። ስድብ ጠብቆ ትከሻውን አጠንክሮ ነበር፤ ይህን ግን የሚሸከምበት አላገኘም። ሣሩ ላይ ተቀመጠ፤ ሲቀመጥም ማኅደሩ መሬት እንዳይነካ ጎንበስ ማለቱን አልረሳም።

እትዬ ጭልፋዋን እንደያዘች መጥታ ፊቱ ቆመች።

«መቼ ነው ያወቅኸው?»

«ያኔውኑ፣ እትዬ።»

«ሽማግሌዎቹን ሲመልሷቸው ታውቅ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«ወንድምህን ስትሸከም?»

ብልቃጥ በአዎንታ ራሱን ነቀነቀ። እትዬ ዞራ ድስቱን ከእሳት አወረደች፤ ባቄላው ደርሶ ነበርና።

«ክፈተው» አሉ ሻለቃው።

ብልቃጥ ማኅደሩን ፈታ። ሦስት እግር ያለውን ማቆሚያ ዘረጋ፣ ቱቦውን እንደ ሕፃን ራስ በመዳፉ ደግፎ ቀስ ብሎ አዞረው። እጁ ሥራውን ያውቃል። ሻለቃው ጆሯቸውን አስጠጉ። ብልቃጥ አዘነበለው።

ጠቅ።

«ይኼ ነው» አሉ ሻለቃው። «ያን ዕለት ማዳመጥ የነበረብኝ እኔ ነበርኩ። ጸሐፊ፣ አንብብ።»

ጸሐፊው አነበበ፣ ቆየት ብሎ ደግሞ አነበበ፣ ሦስተኛም ደገመ። ሲነሡ እንደ ልማዱ ከቆላው ጣቢያ ባሮሜትር የገለበጠውን ንባብ ከደብተሩ አወጣ፤ ከሦስት ቀን ወዲህ አየሩ አንድ ዓይነት ስለነበር ያገለግላል አሉት ሻለቃው። ከዚያ ሠንጠረዡን ገልጦ፣ አፍንጫውን እየሳበ፣ ማስላት ያዘ። ቀለሙ ሁለት ጊዜ ነጠበበት።

«ሁለት ሺህ ስድስት መቶ ሠላሳ ስምንት» አለ በመጨረሻ። «ከገደሉ በር በሰባ ሁለት ሜትር ያንሳል።» ቀጥሎ ፊቱ ጠቆረ። «ጌታዬ፣ ካርታው ታትሟል እኮ። ሚኒስትሩ ቢሮ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ምን ብዬ ነው የምጽፈው? ጥፋቱ የማነው ልበል?»

«የእኔ በል።»

«ጌታዬ!» አለ ብልቃጥ ብድግ ብሎ። «የእኔ ነው፣ በስሜ ይጻፍ!»

«አንተ አልፈረምክም። የፈረምኩት እኔ ነኝ።» ሻለቃው እጃቸውን ዘረጉ፤ ብልቃጥ መዳፋቸውን ሊይዝ ቀረበ፣ እሳቸው ግን የፈለጉት የማኅደሩን ማንገቻ ነበር። ዳብሰው ያዙት። «ይህን ከእንግዲህ አንተ አትይዘውም። ጸሐፊው ይያዘው።»

ብልቃጥ ቱቦውን መልሶ ገለበጠ፣ በጨርቁ ጠቀለለ፣ ማኅደሩ ውስጥ ከተተ፣ ጠፍሮቹን አንድ በአንድ አሰረ። ከዚያ ለጸሐፊው አሸከመው። «ራሱ ወደ ታች» አለው። «ሰው አስቁሞ ቢመክርህ እግዜር ይስጥልኝ በለው እንጂ እሺ እንዳትለው።» ጀርባው በሃያ ስድስት ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ባዶ ሆነ፤ ብርዱ ገባበት። ዕንባው መጣ፣ አልደበቀውም።

ጸሐፊው አዲሱን ቃለ ጉባኤ ጻፈ፣ ሻለቃው እጃቸውን አስይዘው ፈረሙ፣ ቀይ ሰሙም በእትዬ እሳት ቀለጠ። ከጉድጓዱ ዳር ያልተጠየቀ ሰው ድምፅ መጣ።

«ሁሉም ጥሩ» አለ ድንጋይ ጠራቢው። «የእኔስ ድንጋይ? ሁለት ሳምንት እኮ ነው! ስድስቷን ብቻ ሦስት ቀን ነው የፈለፈልኳት። ይህን ተሸክመሽ ተመለሽ ብላት በቅሎዋ ራሷ አታናግረኝም።»

ሻለቃው ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አሉ። «ለዚህ በር እዚሁ ካለ ቋጥኝ ላይ አዲስ ቁጥር ትቀርጽልኛለህ። ያኛው ግን ቁጥሩ ምንም አልሆነም፤ ቦታው ነው የተሳሳተው። ጸሐፊ፣ 2,846 የት ነው?»

ጸሐፊው ቀና ብሎ ወደ ግራው ተራራ አየ። «ከዚህ ሁለት መቶ ስምንት ሜትር ሽቅብ። እዚያ የተራራው ትከሻ አካባቢ ይሆናል። መንገድ ግን የለውም፣ በቅሎ አይወጣውም።»

«እዚያ ይተከል። ለመነጽር ማነጣጠሪያ ይሆናል። በስሜ ከወጣ ቁጥር አንዱ እንኳ ውሸት ቦታ ላይ እንዲቆም አልፈልግም።»

«በቅሎ ካልወጣው በማን ሊወጣ ነው?» አለ ጠራቢው።

ብልቃጥ ቀድሞ ጎንበስ ብሏል። ድንጋዩን በጆንያው መልሶ ጠቀለለ፣ በጠፍር አሰረ፣ ተንበርክኮ ጀርባውን ሰጠውና ተነሣ። ሃምሳ አንድ ዓመቱ ነው። የለመደው መስታወት ነበር፤ መስታወት ይቀላል፣ ይፈራል እንጂ አይከብድም። ጠራቢው ሊያግዘው ሲል እጁን መለሰበት። ጸሐፊው ቦታውን ለክቶ ሊያሳይ ከፊት ማኅደሩን አዝሎ፣ በየእርምጃው እንቁላል የረገጠ እየመሰለው፣ መውጣት ጀመረ።

ዳገቱ ልቅ ድንጋይ ነበር፤ አንድ ሲወጡ ግማሽ ያንሸራትታል። ሣሩ ቀረ፣ ቁጥቋጦው ቀረ፣ ነፋሱ ብቻ ቀረ። ብልቃጥ አንድ መቶ እርምጃ ቆጠረና ቆመ፣ ከዚያ ስልሳ፣ ከዚያ ሠላሳ። ጠፍሩ ትከሻውን በላው። ወንድሙ በቃሬዛው ላይ ሆኖ «አሳርፉኝ፣ እናንተም ደክሟችኋል» ያለውን አስታወሰ፤ ያኔም ያቃሰተው ተሸካሚው እንጂ ታማሚው አልነበረም። አንድ ጉልበቱ ታጠፈ። ለመነሣት ሞከረ፣ አልተነሣለትም።

ድንጋዩ በድንገት ቀለለው። ዞር ሲል እትዬ ከኋላው ናት፤ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ፣ ሁለት መዳፏን ከድንጋዩ ሥር አስገብታ ወደ ላይ ገፍታዋለች።

«በጋሪ ስንት ቀን ይፈጅ ነበር?» አለችው።

«አንድ ቀን ተኩል።»

እትዬ ወደ ታች፣ ወደ መንደሯ ጣሪያዎች፣ ከዚያም አልፋ በጭጋግ ወደተሸፈነው ቆላ አየች። ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ፤ ትቆጥር ይሆናል።

«ይቅር አላልኩህም» አለችው። «ድንጋዩ ግን ከብዶሃል። ተነሥ።»

ተነሣ። እትዬም እስከ ላይ ድረስ እጇን ከድንጋዩ ሥር አላነሣችም።